የሎርሽ ደጅ

በጀርመን ሀገር፣ በሄሰን ክፍለ ግዛት፣ ከራይን ወንዝ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ሎርሽ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ጀርመኖቹ «ቶርሃለ» ይሉታል፤ «የበር አዳራሽ» እንደ ማለት ነው። በ764 ከተመሠረተው ታላቅ ገዳም ሳይፈርስ የቆየ የካሮሊንግ ዘመን (የንጉሥ ሻርለማኝና የዘሮቹ ዘመን) ሕንፃ እርሱ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በአንድ መሐንዲስና በአንድ የአብነት መምህር መካከል ስለዚሁ ሕንፃ የተደረገ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የኔታ፦ መልኩን ሳላውቅ ታሪኩ አይያዝልኝም። በመጀመሪያ ምን እንደሚመስል ንገረኝ፤ እዚያ ቆሜ እንዳየሁት አድርገህ።

መሐንዲሱ፦ መጠኑ ትንሽ ነው የኔታ። ከኮሎኝ ወይም ከሽፓየር ካቴድራል አጠገብ ቢያቆሙት ጎጆ ይመስላል። ከታች ሦስት እኩል ቅስቶች አሉት፤ ሦስቱም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያሳልፉ ናቸው። በቅስቶቹ ግራና ቀኝ አራት ግማሽ ዓምዶች ከግድግዳው ወጣ ብለው ይታያሉ። የዓምዶቹ ራስ ቅጠልና ጥቅልል ቀንድ የተቀላቀለበት፣ ሮማውያን ለክብር ሥራ የሚመርጡት ዓይነት ቅርጽ ነው። በዓምዶቹ ላይ በቅጠል የተቀረጸ ጌጥ እንደ መቀነት ያልፋል። ከመቀነቱ በላይ፣ በፎቁ ግድግዳ ላይ፣ አሥር ጠፍጣፋ ዓምዶች ተለጥፈዋል፤ እነርሱን የሚያገናኛቸው ግን ቅስት አይደለም። ዘጠኝ ሹል ሦስት ማዕዘኖች እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድረውባቸዋል። በመካከላቸው ሦስት መስኮቶች አሉ። በሁለቱ ጠባብ ጎኖች፣ በሰሜንና በደቡብ፣ ደረጃ የያዙ ክብ ማማዎች ተደግፈውታል።

የኔታ፦ ቀለም አለው ሲሉ ሰምቼ ነበር።

መሐንዲሱ፦ ሰው ቆሞ የሚቀረው በእርሱ ነው። ግድግዳው በቀይና በነጣ የአሸዋ ድንጋይ ተለብጧል፤ አራት ማዕዘንም ባለ ብዙ ማዕዘንም ሆነው ተጠርበው፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ እየሆነ ተገጣጥሟል። ከሩቅ ሲያዩት የተሸመነ ጥለት ይመስላል። የተቀባ ቢሆን ኖሮ ዝናቡና ፀሐዩ በጥቂት ዘመን ባጠፋው ነበር፤ ቀለሙ ግን የድንጋዩ የራሱ ነው፣ ከ1,100 ዓመት በኋላም ያው ነው።

የኔታ፦ በደብረ ዳሞም ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ ግድግዳው ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ከውጭ የሚወጣውን የእንጨት ጫፍ የዝንጀሮ ራስ እንለዋለን። ከአንድ ሐሳብ የመጣ አይደለምን?

መሐንዲሱ፦ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በሥራቸው ግን ይለያያሉ። በደብረ ዳሞ እንጨቱ ግድግዳውን አስሮ የሚይዝ ነው፤ ቢወጣ ግድግዳው ይላላል። በሎርሽ ቀዩና ነጩ ድንጋይ ልባስ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ከኋላው ያለው ግንብ ነው። ዓምዶቹም ቢሆኑ አብዛኛው ሥራቸው ማሳመር ነው፤ ሕንፃውን የሮም አስመስለው ማቅረብ። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ሕንፃ ከቁመቱ በላይ የሚያወሩለት ስለዚሁ ነው። ከጥንታዊት ሮም በኋላ በሰሜን አውሮፓ የሮምን ቋንቋ በድንጋይ ሊናገር የሞከረ ሥራ ብዙ አልተረፈም። የተናገረውም በራሱ አነጋገር ነው፤ ሮማዊ ግንበኛ እነዚያን የመጋዝ ጥርሶች እንዲህ ደርድሮ ግድግዳ አያስጌጥም ነበር።

የኔታ፦ ደህና። ገዳሙን ማን ተከለው?

መሐንዲሱ፦ ካንኮር የተባለ የአካባቢው መስፍንና ዊሊስዊንዳ የተባለች እናቱ ናቸው። በ764 በርስታቸው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ለዘመዳቸው ለክሮደጋንግ ሰጡት። ክሮደጋንግ የሜስ ሊቀ ጳጳስ፣ በጊዜው በፍራንኮች ምድር ከነበሩት አባቶች ሁሉ የገነነ ሰው ነበር። በዓመቱ በ765 የሰማዕቱን የናዛሪየስን ዐፅም ከሮም አስመጣለት። ከዚያ በኋላ ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ መሬት የሚሰጥ፣ ወይን የሚሰጥ፣ ገባር የሚሰጥ።

የኔታ፦ ዐፅም ያለበት ገዳም ጉልት አያጣም። በኛም ቢሆን እንዲሁ ነበር።

መሐንዲሱ፦ የሎርሽ ጉልት ከሰሜን ባሕር ዳርቻ እስከ አልፕስ ተራራ ግርጌ የተበተነ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳቱ የስጦታውን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ገለበጡት፤ ከ3,800 በላይ ሰነድ ነው። መጽሐፉ ዛሬ በቩርዝቡርግ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ብዙ የደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከተሞችና መንደሮች ልደታቸውን የሚያከብሩት ስማቸው መጀመሪያ በዚያ መዝገብ የተነሣበትን ዓመት ቆጥረው ነው። ማንሃይም አንዷ ናት፤ የምትቆጥረው ከ766 ነው።

የኔታ፦ በኛ ሀገር የጉልቱ ቃል የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ነው። ወንጌል ዘወርቅ የሚባለው ለዚህ ነው የሚጠበቀው፤ የሚሽረው ሰው ቃለ እግዚአብሔርን እንደ ሻረ እንዲቆጠር።

መሐንዲሱ፦ ሎርሽም በወርቅ ቀለም የተጻፈ ወንጌል ነበራት፤ የመሬቱን ጉዳይ ግን ለብቻው አስቀምጣ ነበር። ወደ ወንጌሉ ኋላ እንመለሳለን። ገዳሙ በ767 መጀመሪያ ከነበረበት የቬሽኒትስ ወንዝ ደሴት ጥቂት ራቅ ብሎ ወዳለው የአሸዋ ጉብታ ተዛወረ። ያዛወረው አበ ምኔቱ ጉንደላንድ፣ የክሮደጋንግ ወንድም ነው። ብዙም ሳይቆይ የካንኮር ልጅ ተነሥቶ «አባቴ የተከለው ገዳም ርስቴ ነው» ብሎ ከሰሰ። ጉንደላንድ ሙግቱን ይዞ ወደ ፍራንኮች ንጉሥ ወደ ሻርለማኝ ቀረበ፣ ረታም። በ772 ገዳሙን እንዳለ ለንጉሡ አስረከበ።

የኔታ፦ ረትቶ መልሶ ለንጉሡ ሰጠው?

መሐንዲሱ፦ ብልሃቱ እርሱ ነው። ገዳሙ የንጉሥ ከሆነ የአካባቢው መስፍን ሊነካው አይችልም። ከዚያ በኋላ አበ ምኔቱን መነኮሳቱ እንዲመርጡ ንጉሡ ፈቀደ። በ774 አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ ሻርለማኝ ራሱ ተገኝቷል። ይህ ቀን ሕንፃችንን ለረጅም ጊዜ ሲያሳስት የኖረ ቀን ነው።

የኔታ፦ እንዴት ያሳስታል?

መሐንዲሱ፦ የበር አዳራሹ መቼ እንደ ተሠራ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሊቃውንት ታላቁ ንጉሥ ሎርሽን የረገጠበትን ቀን ያዙና «ለእርሱ አቀባበል የተሠራ የድል ቅስት ነው» አሉ። ነገሩ ልብ ይስባል። ሻርለማኝ በዚያው ዓመት የሎምባርዶችን መንግሥት ድል አድርጎ ከጣሊያን የተመለሰ ነው፤ በሮም ደግሞ ባለ ሦስት ቅስቱ የቆስጠንጢኖስ የድል በር አለ። ድል፣ ሮም፣ ሦስት ቅስት፣ ሁሉም ገጠመ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በቆስጠንጢኖስ በር መካከለኛው ቅስት ትልቅ ሆኖ የጎኖቹ ያንሳሉ፣ በሎርሽ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው። የድል በር አንድ ሰው በመካከል እንዲያልፍበት የተሠራ ነው፤ የሎርሽ ደግሞ ለማንም አያዳላም።

የኔታ፦ ታዲያ ዛሬ ምን ይላሉ?

መሐንዲሱ፦ ወደ 900 ገደማ ያወርዱታል። በ774 እና በ900 መካከል ገዳሙ የነገሥታት መቃብር ሆነ። የሻርለማኝ የልጅ ልጅ፣ የምሥራቅ ፍራንኮች ንጉሥ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ በ876 ፍራንክፈርት ላይ ሲሞት ሎርሽ ተቀበረ፤ ልጁ ታናሹ ሉድቪግም በ882 ተከተለው። ለአባቱ መቃብር ልጁ ያሠራው ቤተ መቅደስ በላቲን «ዝንጉርጉሩ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

የኔታ፦ ዝንጉርጉሩ! እንግዲያው የቀዩና የነጩ ድንጋይ ፋሽን ያኔ ነበረ ማለት ነው።

መሐንዲሱ፦ ስሙ እንዲህ ያሰኛል። ከዚያ የሚበልጥ ምስክርም አለ። በሎርሽ የተገኘ፣ የጀርመናዊው ሉድቪግ ነው ተብሎ የሚታመን የድንጋይ የሬሳ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ጎን የተቀረጹት ጠፍጣፋ ዓምዶች በሕንፃው ፎቅ ላይ ካሉት ጋር ወንድማማች ናቸው፤ ቦይ ቦይ ያላቸው፣ ራሳቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ። ሣጥኑን የቀረጸ እጅና ሕንፃውን ያስጌጠ እጅ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ይመስላሉ። ስለዚህ ሻርለማኝ በዚያ ቅስት ሥር አላለፈም ማለት ነው። አስጎብኚዎች ይህን ሲናገሩ ጎብኚው ቅር ይለዋል፤ ግን እንዲያ ነው።

የኔታ፦ በር መሆኑስ? ደጀ ሰላም ማለት በቅጥሩ ላይ ያለ መግቢያ ነው። ከላይ ሰቀላ ይኖረዋል፣ ከታች ድኻ ይሰበሰብበታል። ይኸኛው ከቅጥሩ ጋር የት ላይ ነው የሚጋጠመው?

መሐንዲሱ፦ የትም አይጋጠምም። ሕንፃው ሲሠራ ብቻውን የቆመ ነበር፤ ከግራም ከቀኝም አጥር አልያዘውም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምዕራብ፣ በመግቢያው መሥመር ላይ፣ በገዳሙ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። አጥር የሌለው በር ማንንም አያስቀርም፤ በቅስቱ መግባት ያልፈለገ በጎኑ ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ «የበር አዳራሽ» የሚለው ስም ራሱ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ ፈርሶ ሦስት ቅስት ያለው ቤት ለብቻው ሲቀር፣ ሰው ከኋላው የነበረውን ገዳም በዓይነ ኅሊናው አይቶ «በሩ ይህ ነበር» አለ። አሁን ብዙዎች «የንጉሥ አዳራሽ» ማለት ይመርጣሉ፤ ያም ቢሆን ግምት ነው።

የኔታ፦ ግምቶቹን ቁጠርልኝ።

መሐንዲሱ፦ አንደኛው፣ ንጉሥ ሲመጣ መነኮሳቱ ወጥተው በዝማሬ የሚቀበሉበት ነው የሚል ነው። ገዳሙ የንጉሥ እንደ መሆኑ ንጉሡ ከነሠራዊቱ እየመጣ ያርፍበታል፤ ስንቁን የመቻል ግዴታም የገዳሙ ነበር። ሁለተኛው፣ ከላይ ያለው ክፍል የዳኝነት አዳራሽ ነበር የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ቤተ መጻሕፍት ነበር ይላል። ሌሎች ደግሞ ከመጀመሪያውም የጸሎት ቤት ነበር ይላሉ። የጥንቱን የሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መቅድመ ግቢና የመግቢያ ሕንፃ በምሳሌነት የሚያነሡም አሉ። ሁሉም አንድ አንድ ማስረጃ አለው፣ ሁሉንም የሚያሸንፍ ግን አልተገኘም።

የኔታ፦ እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩን ያመጣው ቃሉ ነው። በር ሌላ ነው፣ ደጅ ሌላ ነው። በር የሚዘጋና የሚከፈት ነገር ነው። ደጅ ግን ስፍራ ነው፤ ከቤቱ ፊት ያለ፣ ባለቤቱና ውጭ ያለው ሰው የሚገናኙበት። ደጅ የሚጠና ሰው መዝጊያ አይደለም የሚያንኳኳው፤ ጌታው ወጥቶ ቃል እስኪሰጠው ነው የሚከርመው። ደጃዝማች ስንል በር ጠባቂ ማለታችን አይደለም። ደጀ ሰላምም ቢሆን በሩ ብቻ አይደለም፤ ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመጡበት፣ ዝክሩ የሚቀመስበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቤት ደጀ ሰላም ይባላል። እነርሱ «በር ነው ወይስ አዳራሽ» ብለው ይጨነቃሉ። ደጅ ከሆነ ሁለቱንም ነው።

መሐንዲሱ፦ ይህ አነጋገር ከቦታው ጋር ይስማማል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዳኝነት ይሰጥ ነበር፣ ጋብቻም ይፈጸም ነበር። ባለ ብዙ ርስት ገዳም ደግሞ ከገባሮቹ ጋር የሚሟገትበት፣ ውል የሚዋዋልበት፣ እንግዳ የሚቀበልበት ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ይህም ከመነኮሳቱ ማደሪያ ውጭ፣ ከቤተ መቅደሱ ፊት መሆን አለበት። የሎርሽ ሕንፃ የቆመው ልክ እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን የኔታ፣ ቃሉ ስለ ተስማማ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። አማርኛ የሎርሽ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የኔታ፦ ምስክር አላልኩም። ጥያቄው የተጠየቀበትን መንገድ ነው የነቀፍኩት። በል ወደ ላይ አውጣኝ።

መሐንዲሱ፦ ከላይ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ሕንፃውን ከጫፍ ጫፍ የሚይዝ። በግድግዳው ላይ የካሮሊንግ ዘመን ሥዕል ተገኝቶበታል። ሥዕሉ ሰው የለበትም፣ ታሪክም አይናገርም፤ የተሣለው ሕንፃ ነው። በቀለም ያማረ አጭር ግንብ፣ በላዩ ዓምዶች፣ በዓምዶቹ ላይ የተጋደመ ድንጋይ። ውስጥ የቆመ ሰው ግድግዳ የሌለበት፣ ዙሪያውን በዓምድ ብቻ የተያዘ ሰገነት ላይ ያለ እንዲመስለው ታስቦ ነው። የውጭው ግድግዳ ዓምድ ለብሷል፣ የውስጡም ዓምድ ተስሎበታል፤ ሁለቱም ያንኑ የሮም ሕልም የሚደግሙ ናቸው።

የኔታ፦ ሁለት ደረጃ ለአንድ ክፍል ለምን አስፈለገ?

መሐንዲሱ፦ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ለመውረድ ይመቻል። ይህም ክፍሉ የአንድ ሰው መኖሪያ ሳይሆን ብዙ ሰው በተራ የሚገባበትና የሚወጣበት መሆኑን ያመለክታል። ወይም ደግሞ ሕንፃው በሁለቱም ወገን እኩል እንዲታይ ስለ ፈለጉ ብቻ ይሆናል፤ ሠሪዎቹ ሚዛን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግን ክፍሉ የጸሎት ቤት ሆኖ እናገኘዋለን። በጥንቱ ሥዕል ላይ ሌላ ሥዕል ተጨመረ፤ ይኸኛው መላእክት አሉበት። ጣሪያውም ያኔ ተለወጠ።

የኔታ፦ ይኸ ሁሉ ሲሆን ገዳሙ በሰላም ነበር?

መሐንዲሱ፦ አልነበረም። የመጀመሪያው ትልቅ አደጋ በ1090 መጋቢት ወር ደረሰ። የገዳሙ ዜና መዋዕል እንደሚለው በዓል ነበር፤ ሰዎች ሲመሽ ክብ እንጨት በእሳት እያቀጣጠሉ ወደ ሰማይ ይወረውሩ ነበር። አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ወደቀ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ነደደ።

የኔታ፦ የቡሄ ችቦ በለኛ! በኛም ሀገር እናቶች «ከሣር ቤት ራቁ» እያሉ ነው ልጆቹን የሚልኩ።

መሐንዲሱ፦ ይህ የእሳት ውርወራ በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ ተራሮች እስከ ዛሬ ይደረጋል። ስለ እርሱ ከተጻፈው ሁሉ ጥንታዊው ይኸው የሎርሽ ቃጠሎ ዜና ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠራ። ከዚያ የተረፈ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቁራጭ፣ ከበር አዳራሹ በስተ ምሥራቅ ዛሬም አለ። እኛ የምንነጋገርበት ሕንፃ ግን ከቃጠሎው ዳነ፤ ለብቻው መቆሙ ሳይጠቅመው አልቀረም።

የኔታ፦ ከዚያስ?

መሐንዲሱ፦ ከዚያ እየደኸየ ሄደ። በ1232 ንጉሠ ነገሥቱ ፍሪድሪክ 2ኛ ገዳሙን ለማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ሰጠው፤ የንጉሥ ገዳምነቱ አበቃ። የቀድሞዎቹ የበነዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳት ወጥተው ሲስተርስያን ገቡ፣ እነርሱም አልቆዩ፣ በ1248 ፕሬሞንስትራቴንስ ተተኩ። በ1461 አካባቢው ለፋልትዝ መሳፍንት በመያዣነት ተሰጠ። መሳፍንቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሉተርን ትምህርት ሲቀበሉ የገዳሙ ኑሮ ቆመ፤ መስፍኑ ኦትሃይንሪክ መጻሕፍቱን ወደ ሃይደልበርግ አስወሰዳቸው።

የኔታ፦ መጻሕፍቱን ሳትነግረኝ አትለፍ። ሕንፃው ይቆየን።

መሐንዲሱ፦ ሎርሽ በዘመኗ ከነበሩት የመጻሕፍት ቤቶች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዷ ነበረች። መነኮሳቱ ከጸሎትና ከአባቶች ትርጓሜ ሌላ የሮማውያን ባለቅኔዎችን ይገለብጡ ነበር። በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፉት መጽሐፈ መድኃኒት ዛሬ በባምበርግ አለ፤ ዩኔስኮ በ2013 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ አስፍሮታል። መግቢያው ለእርስዎ የሚሆን ነው። በሽታ የእግዚአብሔር ቁጣ ነውና መታከም እምነት ማጉደል ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ የሚሰጥ ነው፤ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን እያስረዳ።

የኔታ፦ መልካም መግቢያ ነው። ወርቁ ወንጌልስ?

መሐንዲሱ፦ በ810 ገደማ በሻርለማኝ የቤተ መንግሥት ጸሐፍት የተጻፈ ነው። እጣው የሚያሳዝን ነው። ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሮማንያ ውስጥ በአልባ ዩሊያ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሌላው በቫቲካን። የዝሆን ጥርስ ሽፋኖቹም ተለያዩ፤ አንዱ እዚያው ቫቲካን፣ ሌላው ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም። ወደ ሃይደልበርግ የሄዱት ሌሎቹ መጻሕፍትም አላረፉም። በሠላሳው ዓመት ጦርነት ከተማው በካቶሊክ ጦር ተያዘ፣ በ1623 ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ ለሮሙ ጳጳስ ገጸ በረከት ሆኖ ተላከ። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ የሎርሽ መጻሕፍት የግእዝ የብራና መጻሕፍትም ባሉበት በዚያው በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በየሀገሩ ከተበተኑት ከ300 በላይ የሚሆኑትን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒውተር አንድ ላይ አሰባስቧቸዋል።

የኔታ፦ ገዳሙንስ ማን አፈረሰው?

መሐንዲሱ፦ በ1621 የስፔን ወታደሮች አቃጠሉት፤ ያው ጦርነት ነው። ከቃጠሎው ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1615፣ ሜሪያን የተባለ ሠዓሊ የቀረጸው የገዳሙ ሥዕል አለ። ቤተ ክርስቲያኑና ሌሎቹ ቤቶች ገና እንደ ቆሙ የሚያሳይ ስለሆነ ተመራማሪዎች ደጋግመው ወደ እርሱ ይመለሳሉ። ከቃጠሎው በኋላ ፍርስራሹ የድንጋይ መውሰጃ ሆነ። ቤት የሚሠራ ገበሬ የተጠረበ ድንጋይ ደጁ ላይ እያለ ተራራ ሄዶ አይፈልጥም። ከሎርሽ ቤቶች ግድግዳ ስንቱ የገዳሙ ድንጋይ እንደ ሆነ መገመት ነው።

የኔታ፦ ታዲያ እነዚያ ቀይና ነጭ ድንጋዮች እንዴት ተረፉ? ከሁሉም ያማሩ እነርሱ አይደሉም?

መሐንዲሱ፦ ያዳናቸው ማማራቸው አይደለም። ሕንፃው ሥራ ስላልፈታ ነው። ሎርሽ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ማይንዝ ተመለሰች፤ ሊቀ ጳጳሱም የፎቁን ክፍል በዘመኑ ወግ፣ በባሮክ ጌጥ፣ አሳድሶ እንደ ጸሎት ቤት ተገለገለበት። ታቦት ያለበትን ቤት ማን ያፈርሳል እንደምንለው ነው፤ የሚቀደስበት ቤት ጣሪያው ይጠገናል፣ ጣሪያው የተጠገነ ቤት ግድግዳው አይፈርስም። የጥንቱ ሥዕል በዚያን ጊዜ በአዲሱ ልስን ሥር ተቀበረ፤ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተደረገው እድሳት ነው። ልስኑ ሸፈነው፣ ሸፍኖም አቆየው።

የኔታ፦ ከዚያ በኋላ ስጋት አልነበረም?

መሐንዲሱ፦ ነበር። በ1803 የቤተ ክህነት ግዛቶች ሲወረሱ ሎርሽ ለሄሰን ዳርምሽታት ደረሰች፤ የጸሎት ቤቱም ባለቤት አልባ ሆነ። እንዲህ ያለ ቤት በዚያ ዘመን ለግንበኛ መሸጥ የተለመደ ነበር። ያን ጊዜ ጌዮርግ ሞለር የተባለ የዳርምሽታት መንግሥት ሐናጺ ስለ ጀርመን ጥንታዊ ሕንፃዎች መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር፤ የሎርሽን ሕንፃ ለክቶና ሥሎ በመጽሐፉ አወጣው። እርሱ ባነሣሣው ሐሳብ በ1818 የሄሰን ታላቅ መስፍን ጥንታዊ ሕንፃዎች እንዲመዘገቡና እንዲጠበቁ ዐዋጅ አወጣ፤ በጀርመን ምድር ከወጡት የዚህ ዓይነት ሕጎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሕንፃው ከዚያ ወዲህ በመጥፋት ስጋት ውስጥ አልነበረም። በ1991 ዩኔስኮ ገዳሙን፣ መጀመሪያ ከተተከለበት ደሴት ጋር፣ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

የኔታ፦ ላሊበላ ከእርሱ በፊት ነው የተመዘገበው።

መሐንዲሱ፦ በ1978፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር። በዚያው ዝርዝር የሻርለማኝ መቃብር ያለበት የአኽን ካቴድራልም ነበረ።

የኔታ፦ ጣሪያው ተለወጠ ብለህ ነበር። ምን ያህል?

መሐንዲሱ፦ ዛሬ በፖስት ካርድ ላይ የሚታየው ሹልና ከፍ ያለ ጣሪያ የጎቲክ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ፣ እንደ ሮም ቤቶች ዘመም ያለ ነበር። አሁን ያለው ጣሪያ ለቤቱ ከባድ ባርኔጣ ሆኖበታል፤ የታችኛውን ሚዛን የሚያይ ሰው ጣሪያውን በእጁ ሸፍኖ ቢመለከት ይሻለዋል። ግን ከ600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስለሆነ እርሱም ቅርስ ነው። ማንም ሊያወርደው አያስብም።

የኔታ፦ ዛሬ በቅስቱ ያለፈ ሰው ምን ያገኛል?

መሐንዲሱ፦ ሣር። በ2014 በተጠናቀቀው ሥራ የጠፋው ቤተ ክርስቲያን መሠረት የነበረበት ቦታ ሣሩ ጥቂት ዝቅ ተደርጎ ተከልሏል፤ ግድግዳ አልተሠራበትም፣ ድንጋይም አልተተከለበትም። ከምዕራብ መጥቶ በሦስቱ ቅስቶች ባንዱ የገባ ሰው በዚያ ሣር አጠገብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ በመጨረሻም የ12ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቁራጭ ይቀበለዋል። ወደ ፎቁ ክፍል መውጣት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ በአንዱ ደረጃ።